የወለላ ተራ

በየወሩ በአሥራ ስድስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ይሰበሰባሉ። አሥራ ሁለት ናቸው። አምስቱ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ሰባቱ በዘንቢል።

በዘንቢል የሚመጡት ሳጥኖች ናቸው። እያንዳንዷ ሳጥን ግማሽ ዳቦ ታህላለች፤ ግንባሯ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች። መብራቷ በራ ማለት ባለቤቱ መጥቷል ማለት ነው። በመንግሥት አጠራር «ቀሪ ድምፅ» ይባላሉ። በየቤቱ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው የለም። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው አቶ ናታኒም «ባለቤቴ» ይላሉ፤ ወይዘሮ ኤልዳና «ልጆቼ» ይላሉ፣ ሁለት ናቸውና። የሰባ አንድ ዓመቷ ሃሴት ደግሞ «ወለላ» ትላለች። የልጇ ስም ነው።

የጥር አሥራ ስድስቱ በሃሴት ቤት ነበር። ከጠዋት ጀምራ ወለሉን ወለወለች፣ ዳቦውን ደፋች፣ ጠላውን አጠለለች። ወለላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታዛታለች።

«እማ፣ ወፍራሙን ትራስ ለጋሼ ናታኒም አድርጊላቸው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ነጠላሽን እዪው። ስትቸኩዪ ዘቅዝቀሽ ነው የምትለብሺው። ሰው የሞተብሽ ነው የሚመስለው።»

ሃሴት አየችው። እውነትም ዘቅዝቃዋለች። ወዲያው አስተካከለችው።

ወለላ ሁልጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤቷም ሁልጊዜ ሾላ ግርጌ ሰፈር ነው። ድምጿ የሚያውቀው እስከ ሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ፣ ሚያዝያ ሦስት ቀን ድረስ የኖረችውንና ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ፊት የተወራውን ብቻ ነው። ሚያዝያ አራት ሾላ ግርጌ በበሽታ ምክንያት ታጠረ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ጠፋ፤ በስድስተኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አጥሩ ሲከፈት አራት ሺህ ሰው አልቆ ነበር። ብዙውን የጨረሰው በሽታው አይደለም፣ ጥሙ ነው ይባላል። ቧንቧውን ማን እንደዘጋው አልተባለም። ሬሳው የት እንደተቀበረም ለማንም አልተነገረም። በምትኩ ሳጥኖቹ መጡ።

ሳጥን የተቀበለ ቤተሰብ ሁሉ ፈርሟል። ልቅሶ አይቀመጥም። ነጠላ አይዘቀዘቅም። ሳጥን ፊት ስለ አጥሩ አይወራም። ሰውየው በመዝገብ ላይ ነዋሪ እንደሆነ ይቆያል። በሳጥኑ ፊት በክርስትና ስሙ ፍትሐት ከተደረሰለት ግን ከመዝገብ ይወጣል፤ ድምፁም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ከተማ ውስጥ አራት ሺህ ሰው ሳይፈታ ኖሯል።

ከአራቱ ሺህ አንዷ የሃሴት ናት። አንድ ልጇን ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር፣ ያለ ዕንባ አስቀምጣታለች። ነገ የማኅበራችንን ካህን መምሬን አነጋግራለሁ ብላ ትተኛለች። ሲነጋ «እማ፣ ተነሽ እንጂ» የሚል ድምፅ ይቀሰቅሳታል፤ ያሰበችውን ትተዋለች። ፍትሐቱንና ድምፁን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሳጥኖቹ በየትራሳቸው ተቀመጡ፤ በየፊታቸው ቁራሽ ዳቦ ተደረገላቸው። ዳቦው በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነዳያን ይሄዳል። መምሬ ኢዮስያስ ጸሎት አደረሱ። ዓይናቸው ከደከመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። ጸበል ጸዲቁ ተቀመሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የአቶ ናታኒም ባለቤት ከሳጥኗ ሆና የሃሴትን ጠላ አመሰገነች። በየወሩ በዚያው ቃል ነው የምታመሰግነው።

ከዚያ ጽዋው መሐል ላይ ቀረበ። ይህ ጽዋ አዲስ ነው። የድሮው የሸክላ ጽዋ ሾላ ግርጌ፣ በሃሴት ቤት ቀርቷል፤ የዚያ ዓመት ሚያዝያ ተራው የእሷ ነበርና።

«የካቲትን የሚቀበል ማን ነው?» አሉ መምሬ።

የካቲት አሥራ ስድስት የዓመቱ በዓል ነው። ድግሱ ይከብዳል። ተራው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአምስቱ መካከል ብቻ ሲዞር ኖሯል፤ አምስቱም አርጅተዋል። ወይዘሮ ኤልዳና ጉልበታቸውን አሻሹ። አቶ ናታኒም ምንጣፉን ተመለከቱ። ሦስት ሳጥን ይዘው የሚመጡት፣ ከዓመት ዓመት ቃል የማይወጣቸው ሁለቱ እኅትማማቾች ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናነቡ። ሃሴት ዛሬ ደግሳ ነገ እደግሳለሁ ለማለት አቅም አጣች። ዝምታው ሲረዝም ሁሉም አፈሩ።

«እኔ እቀበላለሁ» አለች ወለላ።

መምሬ መስቀላቸውን አነሡ። ሠላሳ ዓመት እንዳደረጉት፣ ሳያስቡት አደረጉት። «ኪዳነ ምሕረት ታስፈጽምሽ፣ ልጄ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ፤ ሳጥኖቹም አሜን አሉ። ሃሴት ከልማድ ብዛት ተንጠራርታ የጽዋውን ጨርቅ አሰረች። ተረካቢ ያገኘ ጽዋ ጨርቁ ይታሰራል፤ ተረካቢ እስኪገኝ ግን ጨርቁ ተጥሎበት ይጠብቃል። ቋጠሮውን ስታጠብቅ ነው ተራውን የተቀበለችው ማን እንደሆነች የገባት።

ሳጥኖቹን ወደ ጓዳ አስገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ።

«መምሬ፣ ምን ሠሩ?» አሉ አቶ ናታኒም።

«እቀበላለሁ ሲሉኝ ባረክሁ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

መምሬ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዞሩ። «ናታኒም፣ እንግዲህ አንዴ በመስቀል ተባርኳል። የተባረከ ተራ አይመለስም። እኔም ብሆን ልመልሰው አልችልም።»

«ችግር የለውም» አለች ሃሴት። «ልጄ ናት፤ እዚሁ በእኔ ቤት አደርገዋለሁ።»

ከጓዳው ድምፅ መጣ። «እማ፣ በእኛ ቤት ነው እንጂ። ሾላ ግርጌ። ሌላ ቤት አለን እንዴ?»

ወይዘሮ ኤልዳና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኖቹን ከሚቆጣጠረው ከድምፅ ጽሕፈት ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። ስሟ አጸደ ነው፤ ዘመኑ የቅድመ አያቶችን ስም መልሶ የሚያወጣ ነው። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ሳጥኗን በአክብሮት «እንደምን ዋልሽ» አለች፣ ከዚያም ሃሴትን ወደ ውጭ ይዛት ወጣች።

«እማማ፣ ትንሽ እርማት ያስፈልጋል። እርስዎ ይፈርማሉ፣ እኛ እናርማለን። ሲነጋ ተራ መቀበሏን አታስታውስም።»

«ሌላ ምኗ ይሄዳል?»

«ብዙ አይደለም። እንደዚያ እንድትል ያደረጋት ነገር ብቻ።»

«ያ ደግሞ ምንድን ነው?»

አጸደ መዳፏ ላይ የበራውን ጽሑፍ አነበበች። «ሌላው ሰው ሲያፍር ቀድሞ እሺ የማለት ልማድ፣ ይላል።»

ሃሴት ሳቀች። ሳቋ እሷንም አስደነገጣት። ወለላ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጎረቤት ቤት ብርጭቆ ተሰብሮ ልጆቹ ሁሉ ሲፈሩ «እኔ ነኝ» ብላ ተገርፋ መጥታለች። አልሰበረችም ነበር።

«እሱን ከወሰዳችሁባት ምኗ ነው ልጄ የሚሆነው?»

«እማማ፣ እስከ የካቲት አሥራ ስድስት ጊዜ አለዎት» አለች አጸደ፤ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

በዚያ ወር ወለላ እንደ ደጋሽ ሰው አላርፍ አለች። ጌሾ ተገዛ ወይ? ሽንብራው ለንፍሮ ተለቅሟል ወይ? ጾም ስለሆነ በዘይት የተሠራውን እንዳታስቢ፣ መምሬ አይወዱም። ሃሴት ሁሉንም እሺ ትላለች። አንድ ቀን ግን እጇን እየታጠበች ሳለ ወለላ፣

«እማ፣ ውኃ አስቢበት» አለች። «ሰፈራችን ውኃ አይታመንም።»

ሃሴት ቧንቧውን ዘጋችው። ሾላ ግርጌ ከድሮም ውኃ ይቆራረጥበት ነበር፤ ልጅቱ ያንን ማለቷ ይሆናል። ይሁንና ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃሴት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ለማንም ያልነገረችው ነገር አለና። ሰፈሩ ሲታጠር እሷ ፋብሪካ፣ ሥራ ላይ ነበረች። ስልክ ከመጥፋቱ በፊት ወለላ «ውኃው እየቀጠነ ነው፣ ግን አትጨነቂ» ብላታለች። ሚያዝያ አሥራ አምስት ቀን ሃሴት ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ አጥሩ ድረስ ሄደች። ዘበኛው «ተመለሺ» አላት። አልገፈተራትም፣ መሣሪያም አላነሣባትም። ተመለሺ አላት፤ ተመለሰች። ጀሪካኑን ባረፈችበት ቤት ስታወርደው ሙሉ ነበር።

የእርማቱን ወረቀት አልፈረመችም፤ ለማኅበርተኞቹም በዓሉ ሾላ ግርጌ እንደሆነ ነገረቻቸው።

የካቲት አሥራ ስድስት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አምስቱ አሮጊትና ሽማግሌ ከመምሬ ጋር ከአውቶቡስ ወረዱ። ሳጥኖቹን በነጠላ ጠቅልለዋል። ሃሴት ወለላን በደረቷ፣ ጀሪካኑን በጀርባዋ ይዛለች። አቶ ናታኒም ልያዝልሽ ቢሏት እንቢ አለች።

አጥሩ እንደነበረ ነው። በሩ ላይ አሁን ሰው የለም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

«ሾላ ግርጌ የተጠበቀ ሥፍራ ነው። የሚጎበኙት ነዋሪ አለ?»

አምስቱ ተያዩ። ይህን ያሰበ አልነበረም። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ በሩ መስቀል አያውቅም። «የሚጎበኙት ነዋሪ ከሌለ እባክዎ ይመለሱ» አለ።

ሃሴት ይህን ቃል እዚሁ ሰምታዋለች። ጀሪካኑ ቁልቁል ይጎትታታል። አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፤ እግሯ መንገዱን ያውቀዋል።

«እኔ አለሁ» አለች ወለላ ከነጠላው ውስጥ። «ወለላ ነኝ፣ ቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። እንግዶቼ ናቸው፤ ማኅበር አለብን።»

በሩ መዝገቡን አየና ያገኘውን ተናገረ። «ወለላ። ነዋሪ። በሕይወት ያለች። እንግዶችዎ ይግቡ።»

ሰፈሩ ውስጥ ሣሩ ወገብ ድረስ አድጓል። በየበሩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ሃሴት መንገዱን አልጠየቀችም፤ የራሷን በር ስታገኘው ማጠፊያው ተሰብሮ ገርበብ ብሎ ቆሟል። ሬሳ ሊያወጡ የገቡት ናቸው የሰበሩት። ገፋችው።

ቤቱ ውስጥ ሰባት መቀመጫ ክብ ሠርቶ ነበር። በርጩማ፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ ሙቀጫ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የወለላ የትምህርት መጻሕፍት ክምር፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን። ግድግዳው ላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ተሰቅሏል። መሐል ላይ የድሮው የሸክላ ጽዋ ጨርቁ ተጥሎበት ተቀምጧል። በየመቀመጫው ፊት፣ መሬት ላይ፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን አለ።

አቶ ናታኒም አንዱን ክዳን አንሥተው ወደ ብርሃን አቀረቡትና መልሰው አስቀመጡት።

«ምን አያችሁ?» አሉ መምሬ።

«ማኅበር ተደርጎ ነበር» አሉ አቶ ናታኒም። «ሚያዝያ አሥራ ስድስትን። ሰባቱም እዚህ መጥተው ነበር። በጠላ ፋንታ ውኃ በክዳን ቀምሰዋል። ባለቤቴ የት ጋ እንደተቀመጠች እንኳ መናገር እችላለሁ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ነው።»

ሃሴት አሰላችው። ጀሪካኑን ይዛ በተመለሰች ማግሥት ነው። ልጇ የእናቷን ተራ፣ እናቷ በሌለችበት፣ ባላት ውኃ አድርሳላታለች።

ሳጥኖቹን በየመቀመጫው አስቀመጡ። መብራቶቹ በሩ። «ቤት ለእንግዳ!» አለች ወለላ። «እማ፣ ሁሉም ተቀመጡ?»

«ተቀምጠዋል።»

መምሬ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሲጨርሱ መጽሐፋቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። መጽሐፉን አያነቡትም፣ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። «እኔ ማንንም አላስገድድም» አሉ። «ለወገኑ ፍትሐት የሚፈልግ ግን የወገኑን ስመ ክርስትና ይንገረኝ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ብድግ አሉ። ሁለቱን ሳጥኖች አቅፈው «እኔ አልችልም፣ ይቅር በሉኝ፣ አልችልም» እያሉ ወጡ። ማንም አልወቀሳቸውም። ውጭ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ለልጆቻቸው ስለ አየሩ ሲያወሩ ይሰማ ነበር።

«ፍትሐት?» አለች ወለላ። «እማ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ሃያ ሁለት ዓመት ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ተጠንቅቃለች። አሁን ከመጣ በኋላ መልሱ አጭር ሆኖ አገኘችው።

«አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

መብራቷ አልጠፋም። ሃሴት መሬቱ ላይ፣ ከሳጥኗ አጠገብ ተቀምጣ ነገረቻት። አጥሩን፣ ቧንቧውን፣ ጀሪካኑን። «ተመለሺ አለኝ፣ ተመለስኩ። ልለምነው ይገባኝ ነበር። አጥሩ ላይ ልጮህ ይገባኝ ነበር። ውኃውን ወደ ውስጥ ልወረውረው እችል ነበር። ፈራሁ፣ ወለላዬ። ተመለስኩ።»

«ውኃ ይዘሽልኝ መጥተሽ ነበር?»

«መጥቼ ነበር።»

ሳጥን ምን ያህል እንደሚያስብ፣ ወይም ማሰብ ይባል እንደሆነ፣ ሃሴት አታውቅም። የምታውቀው ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የልጇ እንደነበረ ብቻ ነው።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ቅጂላቸው እንጂ። እንግዶች እኮ ናቸው።»

ሃሴት ጀሪካኑን ከፈተች። በሰባቱ ክዳን ሁሉ ቀዳች፤ የቆሙትንም አጠጣች። የቀረውን እስኪያልቅ መሬቱ ላይ አፈሰሰችው። መሬቱ ወዲያው መጠጠው። ከዚያ ወደ መምሬ ዞረች።

«ወለተ ኪዳን» አለች።

«እኅተ ማርያም» አሉ አቶ ናታኒም ከኋላዋ። ሁለቱ እኅትማማቾች ሦስት ስም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፤ የአባታቸውን፣ የእናታቸውንና የወንድማቸውን። በዚያ ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

መምሬ በግዕዝ ጀመሩ። ወለላ መጀመሪያ ላይ አሜን ስትል ይሰማ ነበር። ሃሴት ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን እያሻሸች ታዳምጣለች። አንድ አሜን መጣ፣ ሌላ አሜን መጣ፣ ሦስተኛውን ስትጠብቅ አልመጣም። ወደ ታች ማየት አልፈለገችም። ጸሎቱ ሲያልቅ አየች፤ አረንጓዴው መብራት ጠፍቷል።

ቀሪው ሥራ የልማዱ ሥራ ነበር። የድሮው ጽዋ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቁ ተጥሎበት ጠብቋል።

«የሚቀበል ማን ነው?» አሉ መምሬ።

«እኔ እቀበላለሁ» አለች ሃሴት። ጨርቁን አሰረችው። ጨርቁ አርጅቶ ስለነበር ቋጠሮው ላይ ትንሽ ተቀደደ።

ሲወጡ ወይዘሮ ኤልዳና ሳጥኖቻቸውን አዝለው ቀድመው በሩን አልፈው ነበር። ሃሴት የመጨረሻዋ ነበረች፤ ባዶው ጀሪካን እየተንኳኳ ይከተላታል። በሩ ሲገቡ በተናገረበት ድምፅ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ መዝገቡን ተናገረ።

«ቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ነዋሪ የለም።»

ሃሴት ቆመች። ይህን ቃል ከመንግሥት አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጽዋውን ለአቶ ናታኒም አስያዘች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ረጋ ብላ፣ ጥለቱን ፈልጋ፣ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ አጥሩ ሥር፣ ያኔ በተመለሰችበት ቦታ ላይ ተቀመጠችና «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች።